አምስት ቀን በኤሌክትሪክ መኪና፦ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ ሐረር

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከጥር 2016 ወዲህ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልታለች። ከከተማ ርቆ ለመሄድ ግን አሁንም ብዙ ሰው ይፈራል፣ ቢፈራም አይፈረድበትም። ይህ ማስታወሻ ወደ ምሥራቅ ለሚወጣ ሰው ይጠቅማል ብለን የጻፍነው ነው።

መኪናዋ ከቻይና የገባች፣ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያላት ናት። ሦስት ሰው ከነጓዙ ሲሳፈርባት ሁለት ቶን ትደርሳለች። ኮፈኑ ውስጥ የጫንነው ይህ ነው፦ ከ8 እስከ 16 አምፔር የሚስተካከል ተንቀሳቃሽ ቻርጀር፣ 25 ሜትር ባለ 4 ሚሊ (ውፍረቱ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር) ሦስት ልብ ገመድ፣ ማለትም ውስጡ ሦስት ሽቦ ያለው፣ ክላምፕ ሜትር (አምፔርና ቮልት መለኪያ)፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ ሁለት ትርፍ ባለ 16 አምፔር ሶኬት፣ አንድ ሜትር ተኩል የመዳብ ቅብ የኧርዝ ዘንግ (መሬት ውስጥ የሚቀበር፣ የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክን ወደ አፈር የሚወስድ) እና መዶሻ። ከቻይና የገቡ መኪኖች የቻርጅ አፍ ከአውሮፓዎቹ የተለየ ስለሆነ፣ መንገድ ላይ ፈጣን ቻርጀር አለ ቢሏችሁ እንኳ መሰኪያው የየትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳትጠይቁ አትመኑበት። እኛ የተማመንነው በተራው ባለ 220 ቮልት ሶኬት ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4 2018፦ ከአዲስ አበባ አዋሽ

የፍጥነት መንገዱ ላይ በሰዓት 110 ስንነዳ በ100 ኪሎ ሜትር 21 ኪሎዋት ሰዓት በላች። ወደ 80 ስናወርድ 15 ሆነ። የአየር ግፊት ከፍጥነት ጋር በካሬ ስለሚያድግ ነው። በነዳጅ መኪናም እውነቱ ያው ነው፤ በኤሌክትሪክ መኪና ግን ቁጥሩ ፊት ለፊት ተጽፎ ስለሚታይ ሹፌሩን ያስተምረዋል።

አዳማ ሲደርሱ የነፋስ ተርባይኖቹ ይታያሉ፤ በአንደኛው ጣቢያ 34፣ በሁለተኛው 102፣ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋዋት፣ ባጠቃላይ 204 ሜጋዋት። የአገሪቱ ኃይል ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ ከውሃ ነው፤ ነፋሱ የሚበረታው ደግሞ በበጋ፣ ግድቦቹ በሚጎድሉበት ወቅት ነው። ለዚህ ነው ከታዩበት ቁጥር በላይ የሚጠቅሙት። ከአዳማ ወዲያ ያለው መንገድ የጂቡቲ ጭነት መኪና መንገድ ነው። የነዳጅ ቦቴዎች ሽቅብ ወደ አዲስ አበባ ይጎተታሉ፤ የኤሌክትሪክ ባቡሩ ሐዲድ ባለ 25 ሺህ ቮልት ሽቦውን ተሸክሞ ከጎናቸው ይሄዳል።

አዋሽ ሰባት ኪሎ በ46 በመቶ ባትሪ ገባን። አልጋ 900 ብር፣ ጥብስ ከነእንጀራው 450። የእንግዳ ማረፊያው ሶኬት ምንም ሳይጫንበት 224 ቮልት ይላል፤ 13 አምፔር ስንጭንበት 198 ወረደ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መሰኪያው በእጅ የማይያዝ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ መንገዱን ሁሉ ያገኘነው ችግር ይህ ነውና። ብሬከሩን አጥፍተን ሶኬቱን ስንከፍተው የኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ብሎን ላልቷል፣ ሽቦው የጣት እርዝማኔ ያህል ጠቁሯል፣ ልባሱ ተጠብሶ እንደ ቅርፊት ይረግፋል። የጠቆረውን ቆርጠን፣ ጤነኛውን ልጠን፣ ሶኬቱን በትርፉ ቀይረን ብሎኑን አጠበቅነው። በዚያው 13 አምፔር ቮልቱ 209 ላይ ቆመ። ልዩነቱ 11 ቮልት ነው። 11 በ13 ሲባዛ 143 ዋት፤ ይህ ሁሉ ሙቀት ይወጣ የነበረው ከአንዲት ብሎን ጫፍ ነው። የቀረው ቅናሽ በአብዛኛው ከገመዱ ነው፦ ከቆጣሪው እስከ ሶኬቱ 40 ሜትር ያህል ባለ 1.5 ሚሊ ሽቦ ተዘርግቷል፤ ደርሶ መልስ 0.93 ኦም፣ በ13 አምፔር 12 ቮልት። ሻይ ለማፍላት ይበቃል፤ ሌሊቱን ሙሉ መኪና ለሚሞላ ግን 2.5 ሚሊ ዝቅተኛው፣ 4 ሚሊ ተገቢው ነው።

ሶኬቱ ኧርዝ አልነበረውም፤ ቻርጀሩ ቀይ መብራት አሳየ። ዘንጋችንን ውሃ በሚፈስበት የአትክልት ጥግ ቀብረን በጊዜያዊነት አገናኘን። ባለቤቱ፣ «ጋሼ» ያልናቸው ትልቅ ሰው፣ አንድ ኤሌክትሪሺያን ኧርዙን ከኒውትራሉ ጋር አያይዞ ሊያሠራላቸው እንደነበር ነገሩን። ይህን ማንም እንዳያደርገው። ኒውትራሉ አንድ ቀን ከምሰሶው ላይ ቢበጠስ፣ የመኪናው አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል፤ በሩን የነካ ሰው ይሞታል። ዘንጉን መግዛት ይሻላል።

ሌሊት ለአንድ ሰዓት ተኩል መብራት ሄደ። ንጋት ላይ 17.6 ኪሎዋት ሰዓት ወስደን ባትሪው 73 በመቶ ደርሷል። ለመብራቱ 300 ብር ከፈልን።

ዓርብ፣ ኅዳር 5፦ አሰበ ተፈሪ፣ ቁልቢ፣ ደንገጎ

አዋሽ ወደ 1,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አሰበ ተፈሪ (ጭሮ) ወደ 1,800። ሁለት ቶን መኪና መቶ ሜትር ሽቅብ ሲወጣ 0.55 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ከብክነቱ ጋር 0.6 ብላችሁ ያዙ። ስለዚህ 800 ሜትሩ ብቻውን 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። በሜዳ ከሚፈልገው ጋር ተደምሮ አሰበ ተፈሪ 38 በመቶ ይዘን ደረስን። እስከ ድሬዳዋ የቀረው 190 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቢያንስ 60 በመቶ ያስፈልጋል።

ከተማው ውስጥ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ። ሆቴል ከመፈለግ ይልቅ ብረት ቤት ፈለግን። ምክንያቱ እንጨት ቤት፣ ብረት ቤትና ወፍጮ ቤት ሦስቱም ፌዝ (ከምሰሶው የሚመጡት ሦስቱ የኃይል ሽቦዎች) ስለሚገባላቸው ነው። ሦስቱን ለካናቸው፦ 188፣ 207፣ 229። ሰፈሩ በብዛት የተንጠለጠለው በአንዱ ፌዝ ላይ ስለሆነ አንዱ ይደክማል፣ ሌላው ይጠግባል። በ229ኙ ላይ 16 አምፔር ጫንን፤ 221 ላይ ጸና። ባለቤቱ ሲበይድ ቮልቱ 15 ያህል ይወርድና ቻርጀሩ ይቆማል፤ ብየዳው ካለቀ በኋላ ራሱ ይነሣል። አራት ሰዓት ፈጀ። ቆጣሪውን አይተን በኪሎዋት ሰዓት 20 ብር ሒሳብ 280 ብር ሰጠን፤ ልጆቹ ያፈሉልንን ሻይ ግን አናስከፍልም አሉ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በ60 በመቶ ተነሣን። ሒርናን አልፎ ቁልቢ ድረስ መንገዱ እየወጣ እየወረደ ነው፤ ብርዱም ከአዲስ አበባ አይተናነስም። ደንገጎ አፋፍ ላይ 12 በመቶ ቀርቷት ነበር። ከዚያ እስከ ድሬዳዋ ያለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ግን ይመልሳል፦ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ፍሬኑን ሳንነካ ወርደን ከተማ ስንገባ 15 በመቶ ሆነ። ሦስት በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ በነዳጅ መኪና ያ ሁሉ ኃይል በፍሬን ሸራ ላይ የሚቃጠል ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፦ ድሬዳዋ

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ሐዲዱ በሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሜዳ ላይ ደርሶ ከተማ ተተከለ። ዛሬም ከተማዋ የመተላለፊያ ናት፤ ልዩነቱ አሁን የምታሳልፈው ኤሌክትሪክም መሆኑ ነው። ባለ 230 ሺህ ቮልት መስመር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከዚህ ተነሥቶ ወደ ጂቡቲ ኃይል ይወስዳል። ሐሙስ ያየናቸው ቦቴዎች ነዳጅ ሽቅብ ሲያመጡ፣ ሽቦው ደግሞ ከግድብ የመጣውን ወደ ታች ወደ ባሕሩ ይወስዳል። ለአገር ጥቅም ነው፤ ጂቡቲም በናፍጣ ከምታመነጨው ይረክሳታል።

ይህን መስመር አይቶ የመጣ ሰው ከዚራ ሰፈር ውስጥ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ 184 ቮልት ሲለካ ግራ ይገባዋል። ያረፍንበት ቤት በጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት 221፣ በቀኑ ሰባት ሰዓት 207፣ ማታ ሁለት ሰዓት 184 ነበር። የህዳሴው ግድብ ጳጉሜ 4 2017 ተመርቋል፤ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ኃይሉ በከፍተኛው መስመር ላይ አለ። የሚደክመው ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ ቤቱ ሶኬት ባለው መንገድ ላይ ነው። ለ40 ቤት የታሰበ ትራንስፎርመር ላይ 90 ቤት ሲንጠለጠል፣ በድሬ ሙቀት ላይ ደግሞ ሁሉም ቬንትሌተርና ኤሲ ሲከፍት ሌላ ውጤት አይጠበቅም።

ሰው መፍትሔ ያለው ስታቢላይዘር (ቮልት ማስተካከያ) ነው፤ በየሱቁ በር ተደርድሯል። የሚሠራውን እንወቅ። አንድ ኪሎዋት የሚበላ ኤሲ በ220 ቮልት 4.5 አምፔር ይስባል። ቮልቱ 184 ሲሆን ስታቢላይዘሩ ያንኑ 220 ለመስጠት ከመስመሩ 5.4 አምፔር፣ ከራሱ ብክነት ጋር ከዚያም በላይ ይስባል። መስመሩ ይበልጥ ይወርዳል፤ ጎረቤትም ይገዛል፤ አሁንም ይወርዳል። ፍሪጅን ከመቃጠል ያድናል፣ ሰፈሩን ግን አያድንም። ገንዘብ ያለው ሰው መጀመሪያ ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው፣ ከቆጣሪው እስከ ዋናው ብሬከር ያለውን ገመድና መገጣጠሚያ ያስፈትሽ።

ቻርጅ ያደረግነው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስከ ንጋት አሥራ ሁለት ነው፤ ሰፈሩ ሲተኛ ቮልቱ ይነሣል፣ ማንንም አንጎዳም። ዘበኛው ገመዱን ሌሊቱን ሙሉ ጠበቀልን። ኧርዝ ማግኘት ግን እዚህ ከባድ ነበር፤ አፈሩ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ዘንጉ እንደተቀበረ ቻርጀሩ አልተቀበለውም። ጉድጓዱን አስፍተን ዙሪያውን የከሰል ድቃቂና ጨው ሞልተን ሁለት ጄሪካን ውሃ ካፈሰስን በኋላ ቀዩ መብራት ጠፋ። በድሬ ኧርዝ ያለው ሰው በየሁለት ሳምንቱ ውሃ ያጠጣው።

ቁርስ በእንቁላል የተሠራ ፈጢራ፣ ከላዩ ማር፣ 200 ብር፤ ለሦስት ሰው ይበቃል። ባጃጅ ለሰው 20 ብር። ከተሳፈርንበት አንዱ ኤሌክትሪክ ነበር። «አቦ፣ ቤንዚን ወረፋ ሌሊት ከማደር ይሄ ይሻለኛል» አለ ልጁ። ባትሪው ግን ባለ አሲድ ነው፤ በዘጠኝ ወሩ ቀይሯል። ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው፦ ባለ አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል፣ እሱ ደግሞ ከፀሐይ ገብቶ ሳያበርድ ይሰካዋል። የነገርነው ይህን ነው፤ ከሥራ ሲገባ አንድ ሰዓት ያሳርፈው፣ ከግማሽ በታች አያውርደው፣ ሲቀይር ሊቲየም አይረን ፎስፌት ይግዛ።

ከሰዓት በኋላ ታይዋን ገበያ ወጣን። ሶላር ለመግዛት ከየአካባቢው የሚመጣ ገበሬ ብዙ ነው፤ የሚታለለውም እሱ ስለሆነ ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም። የፓኔሉ ጀርባ ላይ የተጻፈውን አትመኑ፣ በሜትር ለኩት። ጥሩ ፓኔል በአንድ ካሬ ሜትር 200 ዋት ገደማ ይሰጣል፤ አንድ ካሬ ሜትር የማይሞላ ነገር ላይ 300 ዋት ተጽፎ ብታዩ ውሸት ነው። ባትሪ ደግሞ በሚዛን ይፈተሻል። ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ቢያንስ 20 ኪሎ፣ ባለ አሲዱ ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በአንድ እጅ ብድግ የሚል «200» ውስጡ ባዶ ነው። አንድ የፈዲስ ገበሬ ያነሣውን ባትሪ መልሶ አስቀመጠ፤ ባለሱቁ አልተደሰተም።

እሁድ፣ ኅዳር 7፦ ሐረር

ከድሬዳዋ ሐረር 54 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደንገጎን መልሶ መውጣት ስላለበት 13 ኪሎዋት ሰዓት፣ ከባትሪያችን 22 በመቶ ወሰደ። በ20 ብር ሲታሰብ 260 ብር ነው። ያንን ሽቅብ የሚወጣ ቤንዚን መኪና አምስት ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ ሊትሩ ያኔ ከ120 ብር በላይ ነበር።

ሐረማያ ሐይቅ ላይ ቆምን። ደርቆ ከብት የተሰማራበት ሐይቅ ነው፤ የመስኖ ፓምፕና የደለል ነገር ጨርሶት ነበር፣ አሁን ውሃ ይታይበታል። ዙሪያውን የጫት ማሳ ላይ ናፍጣ ፓምፖች በሶላር እየተተኩ ናቸው። ጥሩ ነው፤ ግን ናፍጣ ሲሆን ገበሬው ለገንዘቡ ሲል ያጠፋዋል፣ ፀሐይ ሲሆን ማጥፊያ ምክንያት የለውም። ሐይቁ ሁለተኛ እንዳይደርቅ በእያንዳንዱ ፓምፕ ላይ የውሃ ቆጣሪ ሊገጠም ይገባል።

ሐይቁ ሲደርቅ ሐረር የምትጠጣው አጣች። ዛሬ ውሃዋ የሚመጣው በድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ፣ ከሐሰሊሶ ጉድጓዶች፣ በየደረጃው በፓምፕ እየተገፋ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ሜትር ሽቅብ ለማንሣት 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል፤ ፓምፑና ሞተሩ ተደምረው ከመቶ 67 ያህል ቢሠሩ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ሜትር ኩብ ማለት 50 ጄሪካን ነው። እያንዳንዱ ቢጫ ጄሪካን አንድን ስልክ አምስት ጊዜ የሚሞላ ኤሌክትሪክ ተሸክሞ ነው ጁገል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ የሚገባው።

ስለዚህ እዚያ ታች ለአንድ ሰዓት መብራት ሲጠፋ ሐረር የሚጎድላት የአንድ ሰዓት ውሃ ብቻ አይደለም። ፓምፑ በድንገት ሲቆም በረጅሙ ቧንቧ የሚወጣው ውሃ ተመልሶ ይመታል፤ ቧንቧውን እንዳያፈነዳው ማገጃው መዘጋት አለበት። መብራት ሲመጣ ደግሞ ፓምፖቹ አንድ ላይ አይነሡም። የታችኛው የሚቀጥለውን ጋን ካልሞላ ያኛው ደረቁን ይሽከረከርና ይቃጠላል። ተራ በተራ ሲነሡ የአንድ ሰዓት መጥፋት ግማሽ ቀን ይሆናል። ሐረር ውስጥ ከሶላር ፓኔል በፊት ሮቶ ያልገዛ ቤት አላየንም፤ ሰዉ ልክ ነው።

ያደርነው ጁገል ውስጥ በአንዲት እናት ቤት ነው፤ 1,500 ብር ከነቁርሱ። ቀይ መደቡ ላይ ቁጭ አድርገው በወተት የፈላ ቁጢ (የቡና ቅጠል) ሰጡን፣ ጨው ጣል የተደረገበት። የግድግዳው ሳህን ሁሉ ከአናቱ በአንዲት አምፖል ነው የሚያበራው፤ አምፖሏ ደግሞ ብልጭ ድርግም ትላለች። «እማማ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ስንላቸው «ዝናብ ከመታው ወዲህ ነው ልጆቼ፤ ጎረቤትም እንዲሁ ነው» አሉ። ጎረቤትም እንዲሁ ከሆነ ጥፋቱ ከቤት ውጭ ነው። ጠባቡ መተላለፊያ ላይ፣ ከግንቡ አናት፣ ከምሰሶ የመጣው አሉሚኒየም ከቤቱ መዳብ ጋር ተጠምዝዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ዝናብ ሲገባበት መዳቡ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፤ ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ዱቄቱ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ መገጣጠሚያው ይግላል። መድኃኒቱ ለሁለቱ ብረት ተብሎ የተሠራ ባይሜታል ኮኔክተር ነው። ከቆጣሪ ወዲያ ያለውን መንካት የእኛ ሥልጣን ስላልሆነ የምሰሶውን ቁጥር ጽፈን ሰጠናቸው፤ ጠዋት ልጃቸው ወደ መብራት ኃይል ይዞት ሄደ።

መኪናዋን ያሰካነው ከግንቡ ውጭ ነው፤ መተላለፊያዎቹ ለሰውና ለአህያ እንጂ ለመኪና አልተሠሩም። አጠገባችን ኤሌክትሪክ ታክሲ የሚነዳ ልጅ ደንገጎን ሲወርድ ፍሬኑ እየሸተተው እንደተቸገረ ነገረን። ሐረር ላይ 100 በመቶ ሞልቶ ነው የሚወርደው። የሞላ ባትሪ ከሞተሩ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስገባበት ቦታ ስለሌለው ሥራው ሁሉ በፍሬን ሸራ ላይ ይወድቃል። ወደ ድሬ የሚወርድ ሰው 85 በመቶ ላይ ያቁም። ልጁ ስልኩ ላይ ጻፈው።

ሰኞ፣ ኅዳር 8፦ መልስ

ከሐረር እስከ አዋሽ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው በአብዛኛው ለእኛ ስለሆነ ያለ መሐል ቻርጅ ከባትሪው 74 በመቶ ብቻ በልተን ወረድን። አወዳይ ላይ ጫት የጫኑ መኪኖች መንገድ ዘግተው ሃያ ደቂቃ ቆመናል፣ ሌላ የሚነገር የለም።

አዋሽ የደረስነው ማታ ነው። ጋሼ ሌላ ኤሌክትሪሺያን አምጥተው ከቆጣሪ እስከ ሶኬት ያለውን በ4 ሚሊ አስቀይረውታል፤ ሽቦው 40 ሜትር ሦስት ልብ፣ ከነቱቦው። 13 አምፔር ጫንን፦ 216። ሶኬቱ ከሁለት ሰዓት በኋላም ቀዝቃዛ ነበር። ሦስተኛው ልብ ግን ግቢው ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ዘንግ አዋሽ ላይ አልተገኘም። የኛን ነቅለን አልመጣንም፣ እዚያው ቀብረን አገናኘንላቸው።